በአይጦች ላይ ነው! ለምርምር ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስለምትልኩልኝ መግለጫና ስለማትልኩልኝ ነገር

እንደምን ሰነበታችሁ?

አብዛኞቻችሁ ስሜን ከኢሜይል ታውቁታላችሁ። «ጥናቱን ሙሉውን ላኩልኝ» እያልኩ የምነዘንዛችሁ ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ ሳይንስ መዘገብ ነው። ጋዜጣ ላይ ጀመርኩ፣ ሬዲዮም ሞካከርኩ፣ አሁን የራሴ ፖድካስት አለኝ። በየሳምንቱ አንድ ጥናት እመርጥና የሠራውን ሰው አናግራለሁ። ስቱዲዮዬ የልብስ ቁም ሣጥን ነው። እውነቴን ነው። ካፖርትና ብርድ ልብስ ማሚቶን ስለሚውጡ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት ስቱዲዮ ያን ያህል አይተናነስም። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው።

እናንተ ደግሞ በየቀኑ መግለጫ ትልኩልኛላችሁ። ዛሬ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት ሠላሳ ምናምን ደርሶኛል። «ታሪካዊ» የሚለው ቃል አስራ አንዱ ላይ አለ። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ደግሞ ከግማሽ በላዩ ላይ። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ታሪክ ከተሠራ ለነገ ምን ሊተርፈን ነው?

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለቆየ ነው። ያወቃችሁትን ትነግሩኛላችሁ፤ አመሰግናለሁ። ያላወቃችሁትንም ንገሩኝ። ምን እንዳልተሞከረ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተሞከረ፣ የት ላይ እንደምትጠራጠሩ። እሱን ስትደብቁት ዕዳው እኔ ላይ ያርፋል፤ ከእኔም አልፎ የማላውቀው ሰው ጋ ይደርሳል።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ መግለጫ ደረሰኝ። ከዕፅዋት የተገኘ ንጥረ ነገር የመርሳት በሽታን ወደ ኋላ ይመልሳል ይላል። ሰዓቱ አንቆኛል። ኤዲተሬ በየአስር ደቂቃው «አለቀ?» እያለ ብቅ ይላል። የመግለጫውን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አንቀጽ በራሴ ቃል ገለበጥኩት። የተመራማሪውንም ጥቅስ ከዚያው ወሰድኩ። (ያ ጥቅስ ከሰው አፍ የወጣ እንዳልሆነ፣ እናንተ ቢሮ ተጽፎ «እሺ» እንደተባለበት ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም ዝም እንላለን።) ርዕሱ «ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ተብሎ ወጣ።

በነጋታው አንዲት ሴት ደወለች። እናቷ አታውቃትም። «ልጅሽ እኮ ነኝ» ስትላት «ልጄማ ገና ትንሽ ናት» ትላታለች። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ቀስ ብላ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «መድኃኒቱ የትኛው ፋርማሲ ነው ያለው?» አለችኝ።

ጥናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት ያን ቀን ማታ ነው። የተሠራው በ24 አይጦች ላይ ነበር። መግለጫው ውስጥ «አይጥ» የሚለው ቃል ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ተቀምጧል። እኔ እዚያ ድረስ አላነበብኩም። ለሴትየዋ መልሼ ደወልኩላት። ብዙ ቃለ መጠይቅ ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ስልክ የከበደኝ ግን የለም።

በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ጄምስ ሄዘርስ የሚባል ተመራማሪ ትዊተር ላይ አንድ ገጽ ከፈተ። ሥራው አንድ ብቻ ነበር። ይህ ምግብ ካንሰርን ይከላከላል፣ ያኛው ደግሞ ዕድሜ ያረዝማል የሚል ዜና ሲያገኝ ያጋራውና ከላዩ ላይ «በአይጦች ላይ» ብሎ ይጽፍበታል። በቃ። ሌላ ትንታኔ የለውም። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ።

ለብዙ ዘመን ጨዋታው እንዲህ ነበር። ዜና ተጋኖ ሲወጣ ሳይንቲስቱ ጋዜጠኛውን ይወቅሳል። ጋዜጠኛው ርዕስ ባወጣው ኤዲተር ያሳብባል። ኤዲተሩ «አንባቢው ነው እንዲህ የሚፈልገው» ይላል። እናንተን የሚያነሳችሁ አልነበረም። በ2014 ግን የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ፔትሮክ ሰምነርና ባልደረቦቹ አንድ አድካሚ ሥራ ሠሩ። 20 ታላላቅ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ያወጧቸውን 462 ጤና ነክ መግለጫዎች ሰበሰቡ። እያንዳንዱን በአንድ በኩል ከጥናቱ፣ በሌላ በኩል ከወጣው ዜና ጋር እያስተያዩ መረመሩት። ውጤታቸው ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ታተመ። 40 በመቶ ያህሉ መግለጫ ጥናቱ ያልደፈረውን ምክር ይሰጣል። 33 በመቶ «አብረው ታዩ» የሚለውን «አንዱ ሌላውን አመጣ» አድርጎታል። 36 በመቶ ደግሞ በእንስሳት ላይ የታየውን ወደ ሰው አሻግሮታል።

የሚያመው ቀጥሎ ያለው ነው። እንስሳውን ወደ ሰው ያሻገረ መግለጫ ሲወጣ ዜናውም 86 በመቶ አብሮ ተሻገረ። መግለጫው ልኩን ሲጠብቅ ግን የተሻገረው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነበር። እኛ ንጹሕ ነን እያልኩ አይደለም። ሳናኝክ የዋጥነው እኛ ነን። ግን ጉርሻው ከማን እጅ እንደመጣ ታወቀ።

እዚህ ላይ ሙያዬ አንድ ነገር እንድጨምር ያስገድደኛል። ይህ የምልከታ ጥናት ነው። ግነቱ ከመግለጫው እንደመጣ አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ነው ያሳየው። (አያችሁ? ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀብኝ። ሰማይም አልተደፋም።) ደግሞ ልብ በሉ፣ የተጋነነ መግለጫ ካልተጋነነው የበለጠ ዜና ስለማግኘቱ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ገበያ እንኳን አላመጣላችሁም ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ውሸት የሌለበት ቃል ነው የሚያሳስተው። «ጉልህ ልዩነት ታየ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በስታቲስቲክስ ቋንቋ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊታይ የሚችልበት ዕድል አነስተኛ ነው ለማለት ነው። አድማጬ ግን «ጉልህ» ሲባል ትልቅ ነገር ነው የሚሰማው። ክብደቱ በ200 ግራም የቀነሰ ሰው «ጉልህ» ሊባል ይችላል፤ ሱሪው ግን አይሰፋም። ስለዚህ ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር ደውዬ «በስንት?» እላለሁ። ግማሾቻችሁ መልሱን ለማግኘት ወረቀት ስታገላብጡ ይሰማኛል።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር የ1995ቱን የብሪታንያ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ለአዲስ የጋዜጠኝነት ተለማማጅ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የመድኃኒት ደህንነትን የሚከታተለው የመንግሥት ኮሚቴ አዳዲሶቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት አደጋን እጥፍ ያደርጋሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፍ! መቶ በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ዜናው ተንበለበለ። ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን ተዉት። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተለመደው ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ፅንስ ማስወረድ እንደነበረ ይገመታል።

አሁን ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። በቀድሞው እንክብል ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያጋጥማል። በአዲሱ እንክብል ከ7,000 ሁለቱን። አንድ ሁለት ሲሆን እጥፍ ነው፤ ውሸት የለውም። ግን «ከ7,000 አንድ ተጨማሪ ሴት» ተብሎ ቢጻፍ ስንቷ ትደነግጥ ነበር? ከሁሉ የሚገርመው፣ እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል። ሴቶቹ ከትንሹ አደጋ ሸሽተው ወደ ትልቁ ሄዱ። ስለዚህ በመቶኛ ብቻ ስትልኩልኝ የምነጫነጭባችሁ በከንቱ አይደለም። ከስንት ስንት? ይህችን ብቻ ጻፉልኝ።

«አንተስ ጋዜጠኛ አይደለህም? አጣርተህ ጻፍ!» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን የእኛ ቤት ምን እንደሆነ እወቁት። ሲኤንኤን የሳይንስና የአካባቢ ዜና ክፍሉን የበተነው በ2008 ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የመጨረሻዎቹን ቋሚ ጸሐፊዎቹን በ2023 አሰናበተ። እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው። በትንንሾቹ ቤት የሳይንስ ጠረጴዛ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል። ዛሬ የካንሰር መግለጫችሁን የሚቀበለው ልጅ ጠዋት እግር ኳስ፣ ከሰዓት ፋሽን ሲጽፍ የዋለ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ የአንስታይንን ሐሳብ አረጋገጠ ሲባል ኒው ዮርክ ታይምስ ለንደን ላይ ዜናውን ያስያዘው ሄንሪ ክራውች የተባለ የጎልፍ ዘጋቢውን ነበር። ምስኪን። ቢያንስ ኳስ በአየር ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል።

የእኔ እኩዮች ወዴት ሄዱ ብትሉ፣ እናንተ ጋ ናቸው። አብረውኝ የጀመሩት ጎበዞች ዛሬ መግለጫ ይጽፋሉ። አልፈርድባቸውም። ደመወዙ በሰዓቱ ይገባል፣ ሕክምናም አለው። እኔም ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። የቀረሁት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ጥያቄ መጠየቅ የሚባል ሱስ ስላለብኝ ነው።

ፖድካስት የጀመርኩትም በዚያ ሱስ ነው። ጋዜጣው 400 ቃል ይሰጠኝ ነበር። በ400 ቃል «ተገኘ» ማለት ይቻላል፤ «እንዴት አወቃችሁ?» ግን አይገባበትም። ቤን ሃመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ «ፖድካስት» የሚለውን ቃል ጋርዲያን ላይ የወረወረው በ2004 ነው። ቃሉ አላማረኝም ነበር። ነገሩ ግን ጊዜ ሰጠኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድቼ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አወጣለሁ። የቀረው መሬት ላይ ይወድቃል። የሚወድቀው ምን መሰላችሁ? እናንተ አስጠንታችሁ የላካችኋት ዓረፍተ ነገር። «ይህ ግኝት ለወደፊቱ ሰፊ በር ይከፍታል» የምትለዋ። ድምፅ ላይ ወዲያው ታስታውቃለች። ሰውየው ሲያነብ ትንፋሹ ይለወጣል።

የሚቀረው ሌላ ነው። «ስህተት መስሎን ሁለት ወር ማሽኑን ስንፈታ ከረምን።» «እውነት ለመናገር አላውቅም።» ከዚያ ዝምታ። ያንን ዝምታ አልቆርጠውም። አራት ሰከንድ ድረስ ትቼዋለሁ። ከአድማጮች ብዙ መልእክት የሚመጣልኝ ስለ እነዚያ አራት ሰከንዶች ነው። ሰው ሳይንቲስት ሲያስብ መስማት ይወዳል። እናንተ ግን ቃለ መጠይቁ ላይ አብራችሁ ትቀመጡና ዝምታው ሲመጣ ትስላላችሁ። ሳሉ ማይክ ውስጥ ይገባል። ኤዲት ሳደርግ እየረገምኳችሁ ነው የምቆርጠው።

አላውቅም ማለት ተቋም አያዋርድም። በ2011 በጣሊያን የኦፔራ ሙከራ ተመራማሪዎች ኒውትሪኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ስዊዘርላንድ ካለው የሰርን ላቦራቶሪ ጣሊያን እስካለው ግራን ሳሶ ላቦራቶሪ ያለውን 730 ኪሎ ሜትር ከብርሃን ቀድመው የደረሱ የሚያስመስል ነገር ለኩ። ልዩነቱ 60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ነው። «አንስታይን ተሳሳተ» ብለው አልወጡም። ወራት ሙሉ ስህተታችንን ፈልገን አጣነው፣ እባካችሁ እናንተም ፈልጉልን አሉ። በ2012 በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ገመድ ተገኘ። ገመድ! ለእኔ ይህ ከየትኛውም «ታሪካዊ» ግኝት የበለጠ ጥሩ ታሪክ ነው። በእርግጥ እኛ ጋዜጠኞች ርዕሱ ላይ አንስታይንን ገድለነው ነበር። እሱ የእኛ ኃጢአት ነው።

በ2010 ደግሞ ናሳ ከምድር ውጭ ሕይወትን ፍለጋ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ግኝት ሊያበስር ነው የሚል ማስታወቂያ በተነ። ለቀናት ያህል ዓለም ስለ ባዕድ ፍጡር ሲያወራ ከረመ። የመጣው ከአንድ የካሊፎርኒያ ሐይቅ የወጣ ባክቴሪያ ነበር። በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክ ተጠቅሞ ያድጋል ተባለ። በ2012 ሁለት ጥናቶች ባክቴሪያው ያለ ፎስፈረስ እንደማይኖር አሳዩ። ሳይንስ የተባለው ጆርናል ጥናቱን በ2025 ሰረዘው፤ ጥናቱን የጻፉት ተመራማሪዎች ባይስማሙም። ያ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ባይኖር ነገሩ ባለሙያዎች ጆርናል ላይ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኢምባርጎ ትንሽ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ጥናቱን ከመታተሙ ጥቂት ቀን በፊት ትሰጡናላችሁ፣ እኛም እስከተባለው ሰዓት ላናወጣ ቃል እንገባለን። አልቃወምም። ለማንበብና ሌላ ባለሙያ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጠኛል። ጥቅሙ እሱ ብቻ ነው። በ2012 ግን በፈረንሳይ የዣን ኤሪክ ሴራሊኒ ቡድን ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ ስለበሉ አይጦች ጥናት ሲያወጣ፣ ቀድሞ ማየት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ለሌላ ባለሙያ እንዳያሳይ እንዲፈርም ተጠየቀ። የፈረመው ጋዜጠኛ ዕጢ ያበጠባቸውን አይጦች ፎቶ ይዞ ወጣ፤ የሚጠይቅ አጣ። ጥናቱ በቀጣዩ ዓመት ከጆርናሉ ተሰረዘ። (በ2014 ሌላ ጆርናል ላይ እንደገና ታተመ፤ ክርክሩም አላበቃም።) እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከላካችሁልኝ አልፈርምም። ዜናው ይለፈኝ።

«ከመውጣቱ በፊት ክፍሉን አስደምጠን» የምትሉኝስ? አላስደምጥም። ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ቁጥሩን ሁሉ፣ የቴክኒክ ማብራሪያውንም ሁሉ ለተመራማሪው በስልክ አነባለታለሁ። ስህተት ካለ አርማለሁ። ከልቤም አመሰግናለሁ። «ይህ የተቺው አስተያየት ባይኖር ደስ ይለናል» ሲባል ግን መስመሩ ይቆራረጣል። ኔትወርኩ ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ተቋም ስለ ሥራው አንድ ክፍል እንድሠራ ገንዘብ አቀረበልኝ። ጥሩ ገንዘብ ነበር፤ የማይኬን ዕዳ ይከፍላል። «እሺ፣ መጀመሪያው ላይ ተከፍሎበት የተሠራ ነው ብዬ እናገራለሁ» ስል ጠፉ። እስካሁን አልደወሉም። እዚህ ጋ ትንሽ ልምረር። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ በሳጥን ይከበባል። ፖድካስት ላይ ሳጥን የለም። አድማጩ ጆሮ ውስጥ ያለው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ማስታወቂያውንም፣ ጥናቱንም፣ ቀልዱንም የሚናገረው ያው ድምፅ ነው። አንዴ ከሸጥኩት መልሼ የምገዛው አይመስለኝም።

አሁን ወደማትልኩልኝ ነገር ልምጣ። ጥናት ሲታተም መግለጫ አለ። ጥናት ሲሰረዝ ዝም ነው። በ2023 ብቻ በዓለም ከ10,000 በላይ የምርምር ጽሑፎች ተሰርዘዋል። ከእናንተ አንዱ እንኳ «ባለፈው ያበሰርንህ ነገር ወድቋል» ብሎ ጽፎልኝ አያውቅም። ይህን ዝምታ የሚከታተለውን ሪትራክሽን ዋች በ2010 የመሠረቱት ኢቫን ኦራንስኪና አዳም ማርከስ የሕክምና ጋዜጠኞች ናቸው።

የዝምታው ዋጋ ቀላል አይደለም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ላንሴት ላይ አወጡ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር አስጠረጠረ። ጽሑፉ ራሱ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ይላል። በጋዜጣዊ ጉባኤው ላይ ግን ዌክፊልድ ጥምሩ ክትባት ይቅር፣ ለየብቻ ይሰጥ አለ። ከወረቀቱ ይልቅ መድረኩ ተሰማ። ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ እየቆፈረ ከ2004 ጀምሮ የገንዘቡን ምንጭና የመረጃውን ጉድ ባያወጣ ምን ይሆን ነበር? ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው በ2010 ነው። አስራ ሁለት ዓመት። በዚያ መሀል የተወለደ ሕፃን ፊደል ቆጥሯል።

እኔም የተሰረዘ ጥናት ላይ አንድ ክፍል ሠርቻለሁ። የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ፣ ከአንድ አድማጭ ነው። ፖድካስት ማረም ደግሞ መከራ ነው። ፋይሉ ሰው ስልክ ውስጥ ወርዷል፤ ገብቼ አልቆርጠው። መግቢያውን እንደገና ቀዳሁት፣ የቀጣዩን ክፍል የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃም ለእርማቱ ሰጠሁት። አንዳንዱ አድማጭ ሰደበኝ። አብዛኛው ግን «ስለነገርከን እናመሰግናለን» አለ። መግለጫ የምትልኩበት የስም ዝርዝር እጃችሁ ላይ ነው። ስረዛውንም በዚያው ላኩት። ሌላ ምንም አልጠይቅም... እጠይቃለሁ እንጂ። አንድ ቀርቷል።

ቃለ መጠይቅ ስጠይቅ ሁልጊዜ ኃላፊውን ትልኩልኛላችሁ። ትልቅ ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ ላቦራቶሪ ከገባ አምስት ዓመት የሆነው። እኔ የምፈልገው ጽሑፉ ላይ ስሟ መጀመሪያ የተጻፈውን ተማሪ ነው። ማሽኑ ሌሊት ሲበላሽ የነበረችው እሷ ናት። እርግጥ እኛም በዚህ ንጹሕ አይደለንም። የመጀመሪያውን ፐልሳር (እየተሽከረከረ በየቅጽበቱ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ ነው) በ1967 ጆሴሊን ቤል መረጃው ላይ ስታገኘው ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ጋዜጠኞቹ የሳይንሱን ነገር ለኃላፊዋ ለሄዊሽ ትተው እሷን ስለ ቁመቷና ስለ ፍቅር ጓደኛ ጠየቋት። የ1974ቱም ኖቤል ለሄዊሽና ለማርቲን ራይል ሄደ። እኔ ስለ ቁመት አልጠይቅም። «ያቺን ነጥብ ስታያት መጀመሪያ ምን መሰለችሽ?» ነው የምላት።

ለሚቀጥለው ረቡዕ በኢምባርጎ የላካችሁልኝን ጥናት ትናንት ማታ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መግለጫው «ተስፋ ሰጪ» ይላል። ሊሆን ይችላል። አራተኛው ሠንጠረዥ ላይ ግን ሙከራው በ30 አይጦች ተጀምሮ በ19 ነው ያለቀው። አስራ አንዱ የት ገቡ? ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ስልኩን አይጦቹን ስትመግብ የከረመችው ልጅ ብታነሳው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የሳይንስ ጋዜጠኛና የፖድካስት አዘጋጅ
ከልብስ ቁም ሣጥኑ